ጨረቃ በጋሽ በንቲ በረት

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

የጋሽ በንቲ እግር እንደተፈራው ሆነ። ጠዋት ሚስታቸውን ገዲሴን ከታክሲ ስትወርድ አገኘኋትና ገና ፊቷን ሳየው ገባኝ። ስኳሩ ነው። ጣታቸው ላይ የወጣችው ያቺ ቁስል ጠቁራለች፤ ሐኪሞቹ አስተኝተዋቸዋል። "ትሩፌ፣ ምንም አላመመኝም ይለኛል፤ አንሶላው ሲነካው ግን ዓይኑን ይጨፍናል" አለችኝ። ትልቁ ልጃቸው ቀጄላ የጭነት መኪናውን አቁሞ ሆስፒታሉ በር ላይ ማደር ከጀመረ ሰነበተ። ትንሿ ገላኔ ትምህርቱንም ማሽኑንም ጥላ አባቷ ራስጌ ናት። ገዲሴ ልብስ ልትቀይር ነበር የመጣችው። አጥሚት በፔርሙዝ ሞልቼ ሸኘኋት።

እኛና እነሱ አጥራችን አንድ ነው። እኔ ሀና ማርያም ስገባ እስከ ፉሪ ድረስ ማሳ ነበር፤ ጋሽ በንቲ ሲያርሱ በመስኮቴ አያቸው ነበር። አሁን ማሳው ፎቅ ሆነ፣ ላሞቹም ተሸጡ፣ የቀረው ያ ረጅሙ የቆርቆሮ በረት ነው። እሱንም ለልጆቹ ሰጡ።

ልጆቹ የምለው የኔን ራኬብን፣ ገላኔንና ጓደኛቸውን ሃምዛን ነው። ሦስቱም ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናቸው፤ ዘንድሮ ይመረቃሉ። ሌሎችም ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ስማቸውን አልያዝኩትም። የሚሠሩት ከሩቅ ሆነው የሚነዱት፣ የጨረቃን አፈር የሚቆፍር ማሽን ነው። አዎ፣ የጨረቃን። ራኬብ መጀመሪያ ስትነግረኝ "እዚህ የተቆፈረው መንገድ መች ተደፈነና ነው ጨረቃ የምትሄዱት?" ብያት ስቃብኝ ነበር።

ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት ነገር ነው። መጋቢት መጨረሻ ላይ ማሽኑ ሲቆፍር ዳኞቹ ባሉበት ሆነው በኢንተርኔት ያዩታል። ማሽኑ የቆፈረውን በሚደፋበት ሣጥን ላይ ቀይ መስመር አለ። አፈሩ ጊዜው ሳያልቅ መስመሩ ላይ ከደረሰ ለዋናው ውድድር ውጭ አገር ይሄዳሉ። ካልደረሰ በቃ፣ ሌላ ዓመት የላቸውም።

"ካለፋችሁ ለምን ያህል ጊዜ ነው?" ብዬ ራኬብን ጠይቄያት ነበር። "ክረምቱን ነው፤ እዚያው ማስተርስ ካገኘሁ ደግሞ…" አለች። ጥሩ ነው። እኔ ደስ ይለኛል እንጂ ምን ይለኛል። ሽሮው ሊያር ነው።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሙሉ ቀን ለማን ስሰፋ እንደዋልኩ ደንበኞቼ ቢሰሙ ጉድ ይሉኛል። ለፍልፈል ነው። ማሽኑን ፍልፈል ብለውታል።

ቁመቱ ጉልበቴ አይደርስም። አራት ሰፋፊ የብረት እግሮች አሉት፣ ጎማ በሉት። ከፊቱ ጭልፋ ጭልፋ የሚያካክሉ መዛቂያዎች በሰንሰለት ተያይዘው ይዞራሉ፤ እየዛቁ ጀርባው ላይ ወዳለው ቋት ይገለብጣሉ። ቋቱ ሲሞላ ሄዶ ሣጥኑ ውስጥ ይደፋል። ከላይ ካሜራው አንገቱን አስግጎ ያያል። ይህንን ሁሉ ራኬብ ናት በወረቀት ስላ፣ ቆርጣ፣ አስበይዳ የገጣጠመችው። ያቺ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የምትሰለች ልጅ!

አቧራው መገጣጠሚያው ውስጥ እየገባ አስቸገራቸው። "እማዬ፣ እንደ እጅጌ ያለ፣ የሚተጣጠፍ፣ አቧራ የማያሳልፍ ስፊልን" አለችኝ። ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ሰፋሁ። አስፈቱኝ። እንደገና ሰፋሁ። እንደገና አስፈቱኝ። በሚሊ ሜትር ነው የሚያወሩት፤ እኔ ዕድሜዬን በሴንቲ ሜትር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀሚስ ቢሆን ያቺን ታህል ስህተት ባለቤቷም አታያትም ነበር። እነዚህ ግን ያያሉ። ሃምዛ መብራት ይዞ ስፌቱን መርምሮ "ማዘር፣ አሁን ፐርፌክት" ሲለኝ፣ የሙሽራ ልብስ ሰፍቼ እንኳ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለጨረቃ አፈር የተኩት ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣውን ግራጫ ብናኝ ነው። ቀጄላ ጥር ላይ በአይሱዙው አምጥቶ በረቱ ውስጥ ገለበጠላቸው፤ በሳንቃ ከለሉት። ራኬብ እፍኝ አንስታ አሳየችኝ። "ጨረቃ ላይ ነፋስ የለም፣ ውሃ የለም። የሚያሸው ነገር ስለሌለ እያንዳንዷ ቅንጣት እንደ ጠርሙስ ስባሪ ሹል ናት፤ ደቃቅነቱ ደግሞ እንደ ዱቄት። የኛም ደረቅና ልል ካልሆነ ፈተናው ፈተና አይደለም" አለችኝ። እኔም ነካሁት። ለካ አቧራም ወግ አለው።

ቀጄላ የዚያን ዕለት ሲያራግፍ ምን አለ? "አፈር ለመቆፈር ነው አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ? ይኸው አካፋ፣ እኔ ሳልተነፍስ እጨርስላችኋለሁ።" ልጆቹ ሳቁ። ገላኔ ግን አልሳቀችም፤ ወንድሟ ነው።

የካቲት 21

ተቻኩያለሁ፣ ከማርያም መመለሴ ነው፣ ነጠላዬንም አላወረድኩ። የጋሽ በንቲ ሁለት የእግር ጣት ተቆረጠ። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት "የበረቱ በር ተዘግቷል?" ብለው ነው አሉ።

ገላኔ ስለሌለች ሃምዛ ነድቶ ፍልፈልን ገለበጠው። ሃምዛ የሽቦውና የኮምፒዩተሩ ሰው ነው። "እኔ ጭንቅላቱ ነኝ፤ እጁ ገላኔ ናት" ይላል። ራኬብም ሞከረች፣ ግድግዳ መታች። ሌላ የሚነዳ ሰው የለም።

ሳሙና ስገዛ ባለሱቋ ማርቲ "እነዚያ ልጆች ጨረቃ ገና አልደረሱም እንዴ?" አለችኝ፣ ሰው መሃል። "ታክሲ አጥተው ነው" አልኳት።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ዛሬ ገላኔ ለአንድ ከሰዓት መጣች፤ ቀጄላ ተክቷት። ያየሁትን ልጻፍ።

ሕጉ እንዲህ ነው። የሚነዳው ሰው ማሽኑን በዓይኑ ማየት የለበትም። በካሜራው የሚመጣውን ምስል ብቻ ነው የሚያየው። አጠገቡ ያለ ሰውም ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም፣ ሂድ ማለት አይችልም። ስለዚህ የኔ የስፌት ክፍል ምድር ሆነች፣ በረቱ ጨረቃ። መስኮቴን በብርድ ልብስ ሸፈኑት። ምስሉ ደግሞ ወዲያው አይመጣም፤ ሃምዛ ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ከሩቅ እንደሚመጣ። እጇ ያዘዘውን ዓይኗ ቆይቶ ነው የሚያገኘው። እኔ በዚህ ዓይነት ክር ቁረጪ ብባል ጣቴን ነው የምቆርጠው።

ገላኔ ተቀመጠች። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት አብጦ፣ ያንን የጌም መያዣ የሚመስል ነገር ስትይዝ ትከሻዋ ረገበ። አትቸኩልም። ትንሽ ትነዳለች፣ ትጠብቃለች፣ ታያለች፣ ደግሞ ትነዳለች። እግሩ ሲሰጥም አልደነገጠችም፤ ወደ ኋላ መልሳ፣ አፈሩን ከላይ ከላዩ ገፍፋ፣ በሌላ በኩል ገባች። ቋቱ ሞላ። በዚያች ሰዓት ጉሮሮዬን ያሳከከኝና ያስነጠሰኝ ሰይጣን ነው።

"እማዬ!" አለች ራኬብ።

"ግራም ቀኝም አላልኩም፤ ማስነጠስም በሕጉ አለ?"

ሃምዛ መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። ገላኔ ግን አልሰማችንም። ጨረቃ ላይ ነበረች።

ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ። "እትዬ፣ ለራኬብ እንዴት እንደምነግራት ጠፍቶኝ ነው። አባዬ ወደ ቤት ሲመጣ ከጎኑ መለየት አልችልም። ቁስሉ በቀን በቀን ይታጠባል፣ መርፌው አለ። እማዬ ዓይኗ አያይላትም፤ ቀጄላ ደግሞ እስከ መቼ ሥራ ይፍታ?" አለችኝ። ጸጉሯን ዳሰስኩላት። ለራኬብ አልነገርኳትም። ይነገራታል፣ ምን ያስቸኩላል።

መጋቢት 3

ነፋሱ አስመረረን። አቧራው እንጀራ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ጥርስ ላይ። ጋሽ በንቲ ከነገ ወዲያ ይወጣሉ። ቀጄላ በረቱን ከፋሲካ በኋላ ለሲሚንቶ መጋዘን ሊያደርገው ነው፣ ለገዲሴ ሲነግራት ሰማሁ። "መጫወቻው ይነሳ" አለ። መጫወቻ!

የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለነገ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ገቡ! ጋሽ በንቲ ገቡ። ቀጄላ አዝሎ ነው ከመኪና ያወረዳቸው። ከስተው እንደ ልጅ ቀለዋል፤ ቀልዳቸው ግን አልከሳም። "ትሩፋት፣ ከአሁን በኋላ ጫማ ስታዪልኝ ግራውን ከትልቁ፣ ቀኙን ከትንሹ" አሉኝ። ገዲሴ አለቀሰች፣ እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ እኔም አለቀስኩ።

ጠያቂው ብዙ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ከጠዋቱ ተነስቼ የሁለታችንንም ግቢ ጠርጌ ውሃ ረጭቼ ነበር፤ ሐኪሙ ቁስሉን አቧራ እንዳይነካው ብሏልና። የበረቱ በር ተከፍቶ ያ ግራጫ ብናኝ እየቦነነ በቀጥታ የእሳቸው መስኮት ላይ ነበር የሚያርፈው። እዚያም በባልዲ ተመላልሼ ጥሩ አድርጌ ረጨሁት። ወዲያው አረፈ። ልጆቹ ጋሽ በንቲን ለማምጣት ሄደው ስለነበር አላዩኝም። ገዲሴ "እጅሽ ይባረክ፣ ግቢው ተነፈሰ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ደክሞኛል፤ ግን ጥሩ ድካም ነው።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ፍልፈል ተበላሸ። ገላኔ ለጥቂት ጊዜ ከአባቷ ተነጥላ ልትለማመድ መጥታ ነበር። መዛቂያው አፈሩ ውስጥ ገብቶ ተያዘ፣ አልወጣም። አቃሰተ። ከዚያ ሽታ መጣ፣ ጎማ የተቃጠለ ዓይነት። ሞተሩ ነደደ። መዛቂያውን የሚያዞረው ትልቁ ሞተር፣ እዚህ አገር የማይገኘው።

ራኬብና ሃምዛ ተጣሉ። እነዚህ ልጆች ሲጣሉ አይቼ አላውቅም።

"የመዛቂያውን ጥርስ በጣም አርዝመሽው ነው" አላት።

"አንተ ነህ ኃይሉን የገደብከው!"

ገላኔ መሃላቸው ቆማ "እኔ ነኝ፤ ስንት ቀን አልነዳሁም፣ እጄ ረስቶ ነው" ትላለች። ሦስቱም ጥፋቱን ይሻማሉ። ራኬብ እራት አልበላችም።

ምን ነካው? ያን ጊዜ እንዲያ ይቆፍር አልነበር።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ሃምዛ አፈሩን በዶማ ሲመታ ከላይ ደረቅ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ ግን እንደ ጭቃ ጡብ ተጣብቋል። "እርጥበት አለው! ጣሪያው ያፈሳል!" ብሎ መሰላል ፈለገ። መሰላሉን እኔ ነኝ ያመጣሁለት። እኔ ነኝ የያዝኩለትም። ጾሙን ይዞ በፀሐይ ጣሪያው ላይ እየተንፏቀቀ ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ።

"ማዘር፣ ሰሞኑን ዘንቧል እንዴ?" አለኝ ከላይ ሆኖ።

"አልዘነበም" አልኩት። እውነት ነው፣ አልዘነበም።

ያ የረጨሁት ውሃ እስካሁን ደርቆ ይሆናል። ትንሽ ነበር። በዚህ ፀሐይ ባልዲ ውሃ ምን አላት? ራኬብ ውሃ የለም ያለችው ስለ ጨረቃ ነው።

ወገቤን አሞኛል። ልተኛ።

መጋቢት 9

ነገርኳት። ቁርስ ላይ፣ ሻዩን ሳልቀዳ። "በረቱ ላይ ውሃ የረጨሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

ራኬብ ዳቦውን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፦ "እማዬ፣ እንዳልሄድ ብለሽ ነው?"

"አቧራው እንዳይቦን ብዬ ነው" አልኳት።

አቧራው እንዳይቦን ብዬ ነው። ቁስላቸው ላይ እንዳያርፍ። እንግዳ ሲመጣ ደጅ ውሃ ይረጫል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስረጭ ነው የኖርኩት፣ እጄ ሳላዘው ነው የሚረጨው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ልጄ ግን ይህንን ጠየቀችኝ።

ለሌሎቹም ልነግር ሄድኩ። ሃምዛ ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ። የጣሪያው ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል፤ አሳዘነኝ። ገላኔ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ አባቷ ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ስትስቅ አልሰማኋትም። "እትዬ ትሩፋት፣ ዓለም ሁሉ ጨረቃ ላይ ውሃ ሲፈልግ እርስዎ በባልዲ አደረሱለት!" አለች። ሃምዛም ያዘው። በመጨረሻ ራኬብም። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልሳቅኩት።

ሲስቁ ይቅር ማለታቸው ነው። ሞተሩ ግን አልሳቀም።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዛሬ ዒድ ነው። ሃምዛ ከመካኒሳ እናቱ የላከችልንን ቆርቆሮ ሙሉ ብስኩትና የሚጣፍጥ ነገር ይዞ መጣ። ጾም ላይ መሆናችንን ረስታ መስሎኝ ነበር፤ "ቅቤም እንቁላልም የለውም፣ ለማዘር ተብሎ የተጋገረ ነው" አለኝ። እንባዬ መጣ። በከንቱ ጣሪያ ላይ ያስወጣሁት ልጅ!

ጋሽ በንቲን ሊጠይቅ ሲገባ አብሬው ነበርኩ። ቀጄላ በር ላይ ተደግፏል። ጋሽ በንቲ "የዚያ የናንተ እንስሳ ድምፅ ምነው ጠፋ?" አሉ። "እንቅልፍ የለኝም እኮ። ስድሳ ዓመት ከብት ሲያመሰኳ እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ከተሸጡ ወዲህ እንቅልፌ ግማሽ ነው። የናንተው ግርርር ሲል ደህና ነበር፤ አሁን በረቱ ዝም ሲል ቁስሌን ብቻ ነው የምሰማው።"

ሃምዛ ሞተሩ መቃጠሉን ነገራቸው፤ እኔን አላነሳም።

ቀጄላ ወጣ። ሃምዛንም ወደ ውጭ ጠራው። "ምን ዓይነት ሞተር ነው?"

"ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ጉልበት ያለው።"

"ምን ያህላል?"

ሃምዛ በእጁ አሳየው። ቀጄላ ወደ አይሱዙው ሄደ፣ ብረት ሲፈታ ተሰማን፤ በጨርቅ የጠቀለለውን ነገር ይዞ መጣ። የመስታወቱ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው።

"ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ነው ያዋስኳችሁ። ገባህ?"

"ጨረቃ ላይ አይዘንብም ቀጄ።"

"እዚህ ሲዘንብስ?"

"ኮፈኑ ላይ ተቀምጬ በእጄ እጠርግልሃለሁ።"

"ወሬኛ" አለው። ግን አልወሰደበትም። እያጉረመረመ "አዲስ ብናኝ ደግሞ እሁድ አመጣለሁ፤ ያንን ጭቃ ወደዚያ በሉት" አለ።

መጋቢት 13

ብናኙ መጣ። የሰፈሩ ሴቶች አፍንጫችንን በሻሽ አስረን በወንፊት ስንነፋ ዋልን። ማርቲ እንኳ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሁላችንም ግራጫ ሆንን። "ከጨረቃ የመጣን መሰልን" አለች። ራኬብ በረቱ በር ላይ በትልቁ "ውሃ ክልክል ነው" ብላ ጽፋ ለጠፈች። ወደኔ ሳታይ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

የጋሽ በንቲ ቁስል አመረቀዘ። ትኩሳት። ሐኪም ቤት ተወስደው መድኃኒት ተቀይሮላቸው ተመለሱ። ገላኔ ለራኬብ ዛሬ ነገረቻት። እኔ በጨርቅ ማጠፍ ሰበብ እዚያው ነበርኩ።

"ራኪ፣ የፈተናው ቀን አትጠብቁኝ። ከአጠገቡ አልነሳም። አንድ ነገር ቢሆን እኔ ጌም እየተጫወትኩ?"

ራኬብ ልትለምናት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ያቺን መዝጋቷን እኔ አየሁ፤ ኮራሁባት። ያ ሁሉ ድካም እጇ ላይ ሊሞት፣ ጓደኛዋን አንዲት ቃል አልተጫነቻትም። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሃምዛ ነው ሽቦ እየጠቀለለ ቀና ያለው። "ቆይ፣ ማን ተነሺ አለሽ? ነጂዋ ማሽኑን ማየት የለባትም ነው የሚለው ሕጉ። የት ትቀመጥ አላለም። ጨረቃን ከምድር መንዳት ከተቻለ ከአባትሽ ራስጌ መንዳት አይቻልም?"

ገላኔ ዞር ብላ አየችው። ራኬብ ሜትሯን ይዛ ወዲያው ከበረቱ እስከ ጋሽ በንቲ ክፍል ትለካ ጀመር። ልጆች ናቸው አይደል፣ እነሱ ጋ ለቅሶና ሥራ አብረው ይሄዳሉ። ሽቦው በልብስ ማስጫዬ ገመድ ላይ ሄደ። መስኮቱን በኔው ብርድ ልብስ ሸፈንን።

ጋሽ በንቲ ስክሪኑን ሲያዩ "ይህ የኔ በረት ነው?" አሉ። "አዎ አባዬ።" "ባዶውን ስንት ቀን አየሁት። አሁን ባዶ አይመስልም።" ከዚያ በኦሮምኛ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሏትና እጇን ጨበጧት። እጃቸው ይነድ ነበር።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

አላመንኩም። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አንድ አስተማሪያቸው በረቱ ውስጥ በታዛቢነት ቆመዋል፤ ራኬብና ሃምዛም እዚያ። ዳኞቹ ኮምፒዩተሩ ላይ በየጥጉ ፊታቸው ይታያል። ጋሽ በንቲ ክፍል ውስጥ ገላኔ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ገዲሴ እግራቸው ጋ፣ ቀጄላ በር ላይ፣ እኔ ጥግ። ጉሮሮዬን እንዳያሳክከኝ ከጠዋት ጀምሮ ማር በሞቀ ውሃ ስጠጣ ነበር። ትኩሳቱ ከትናንት ጀምሮ ቀለል ብሏል፤ ሕመሙ ግን አላስተኛቸውም፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል።

ጀመረች። ግርርር የሚለው ድምፅ በብርድ ልብሱ አልፎ መጣ። የአይሱዙው ሞተር ከድሮው ይልቅ ወፈር ያለ ድምፅ አለው። ፍልፈል ዛቀ፣ ሄደ፣ ደፋ። ዛቀ፣ ሄደ፣ ደፋ። ትነዳለች፣ ትጠብቃለች፣ ታያለች። መሃል ላይ አንዱ እግሩ ሰጠመ፤ ምስሉ ዘመመ። ቀጄላ አፉን ከፈተ፤ ገዲሴ ነጠላዋን ወስዳ አፉ ላይ አደረገችበት። ገላኔ እጇን ከመያዣው አንስታ ጠበቀች። ምንም አላደረገችም። እኔ ብሆን ሺ ነገር አደርግ ነበር። ከዚያ መዛቂያውን መሬት ላይ አስደግፋ፣ እንደ ክንድ አስመርኩዛ ጎኑን ቀና አደረገችው። ለዚህ አልተሠራም እኮ መዛቂያው! ራኬብ በኋላ "እኔ ራሴ የሠራሁት ይህንን እንደሚችል አላውቅም ነበር" አለችኝ። በእኔ እጅጌ የተሸፈነችው መገጣጠሚያ ታየችኝ፤ አልተቀደደችም።

አፈሩ ወደ ቀዩ መስመር ቀረበ። ሰዓቱም ቀረበ። የመጨረሻውን ይዛ ስትመለስ ቋቱ ሙሉ አልነበረም፤ ደፋችው። ብናኙ ሣጥኑን ሸፈነው፣ ምንም አይታይም። ያንን አቧራ እንደዚያን ዕለት ውሃ ልረጭበት ምንም አልቀረኝ። ቀስ እያለ አረፈ። ቀዩ መስመር የለም። አፈሩ ውጦታል።

ልጮህ ነበር፣ እልል ልል። ገላኔ ዞር ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አባቷን አሳየችን።

ጋሽ በንቲ ተኝተዋል። አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ሕፃን። መቼ እንደተኙ ማንም አላየም። በዚያ ግርርር ውስጥ።

እንግዲህ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፤ ድምፅ የሌለው። ቀጄላ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በእግሩ ጣቶች ቆመ። ገዲሴ ነጠላዋን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። ኮምፒዩተሩ ላይ ዳኞቹ ያጨበጭባሉ፣ ድምፁን ገላኔ ዘግታዋለች። ራኬብና ሃምዛ ከበረቱ እየሮጡ መጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ እንዳይጮሁ ሁላችንም እጃችንን አውለበለብን። ራኬብ ገባች፣ ግራጫ ሆናለች፣ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ወደ ገላኔ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደኔ መጣች። አንገቴ ውስጥ ገብታ አለቀሰች፣ ያለ ድምፅ። እኔም ያለ ድምፅ።

ያን ጊዜ ነው ቆርቆሮው ጠብ ጠብ ያለው። ዝናብ። ቀጄላ ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ሃምዛ አየ። ሃምዛ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጥቶ ሸሸ።

መጋቢት 27፣ ሆሳዕና

ዛሬ ቤቴ ሰው ሲጎርፍ ዋለ። ማርቲ ዘንባባ ይዛ መጥታ "ጨረቃ ደረሱ አሉ?" አለችኝ። "ታክሲ አገኙ" አልኳት። ለፍልፈል አንገት የዘንባባ ቀለበት አሰረችለት።

ቀጄላ ሞተሩን ሊወስድ መጣ፤ ከመፍታቱ በፊት "እስቲ አንዴ ልሞክረው" አለ። ገላኔ አባቷ አልጋ ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው ገለበጠው። አቀኑለት፣ ደግሞ ገለበጠው። ጋሽ በንቲ ትራስ ተደግፈው ሾርባ እየጠጡ ነበር፤ "ቀጄላ፣ አካፋህን ላስመጣልህ?" አሉት። ገዲሴ ስትስቅ ሾርባውን ደፋችው። በረቱ ግን ለሲሚንቶ አይሆንም ተባለ፤ "ልጆቹ ለውድድሩ የት ሊለማመዱ ነው?" ያለው ራሱ ቀጄላ ነው። ሞተሩም ሳይፈታ ቀረ።

ሃምዛ ከእናቱ ሰላምታ ይዞ መጣ። አፍንጫው ሽሯል።

ማታ ላይ ማንም አልነበረም፣ ራኬብ ብቻ። ለዋናው ውድድር አዲስ እጅጌዎች ልታዘኝ ወረቀት ይዛ መጣች። "ወረቀቱን ተይውና ቁሚ" አልኳት። እዚያ አገር ብርዱ ሌላ ነው ይባላል። ሜትሬን አንስቼ ለካፖርት ትከሻዋን ለካሁ፣ ክንዷን፣ ወገቧን። ልጨርስ ስል ነው ዞር ብላ፦

"እማዬ፣ በሴንቲ ሜትር ነው በሚሊ ሜትር?" አለችኝ።

"በሚሊ ሜትር" አልኳት።